ጨዋታው ሲያልቅ ቃሉ ይቀራል ወይ?
(በታችኛው የክፍል ደረጃ አዳዲስ ቃላትን በጨዋታ ስለማጠናከር)

መግቢያ

በት/ክፍላችን «አሳታፊ የማስተማር ዘዴ» የሚለውን ሐረግ ያልሰማ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። የዕለት ትምህርት ዕቅድ ስናዘጋጅ «የተማሪው ተግባር» በሚለው ዓምድ ሥር «በጨዋታ ይሳተፋሉ» ብለን እንጽፍና እናልፋለን። ነገር ግን የትኛው ጨዋታ? የሚጫወተውስ ማን ነው? ደወል ሲደወል ልጁ ምን ይዞ ይወጣል? የሚሉት ጥያቄዎች ብዙውን ጊዜ ሳይጠየቁ ይቀራሉ።

በዚህ አጭር ጽሑፍ በ1ኛና በ2ኛ ክፍል ለሚገኙ ልጆች አዳዲስ የአማርኛ ቃላትን በጨዋታ እንዴት ማጠናከር እንደሚቻል ለማስረዳት እሞክራለሁ። በተለይ የማተኩረው ት/ቤት ውስጥ በአማርኛ እየተማሩ ቤታቸው ግን ሌላ ቋንቋ በሚነገርባቸው ልጆች ላይ ነው። አንዳንዶቹ ምሳሌዎች በፕራክቲከም ከተመደብኩበት ክፍል የተገኙ ናቸው። ዋና ሐሳቤን ከወዲሁ ልናገር፦ ጨዋታ ቃልን የሚያጠናክረው ልጁን ስላሳቀው ሳይሆን፣ ቃሉን ከራሱ ጭንቅላት ፈልጎ እንዲያወጣ ስላደረገው ነው። ሳቁ ይህን ሥራ ቀላል ያደርግልናል እንጂ ሥራው ራሱ አይደለም።

አንድ ቃል ምን ያህል ዋጋ አለው?

የ1ኛ ክፍል የመልመጃ ወረቀቶችን ብትመለከቱ በየገጹ የሚመላለሱ ጥቂት የትእዛዝ ቃላት ታገኛላችሁ፦ አክብቡ፣ አዛምዱ፣ አስምሩ፣ ገልብጡ፣ ቀንሱ ወ.ዘ.ተ.። እነዚህ ቃላት የአማርኛ ክፍለ ጊዜ ንብረት ብቻ አይደሉም። በሒሳብም ሆነ በሌላው ትምህርት ልጁ የሚጠየቀው በእነሱ ነው።

በነበርኩበት ክፍል ቤቷ አማርኛ የማይነገርባት አንዲት ልጅ ነበረች። በሒሳብ መልመጃ ላይ «ትልቁን ቁጥር አክብቡ» የሚለውን ክፍል ባዶውን ትታ መለሰች። የክፍሉ መምህርት ጠርተው በጣታቸው አየር ላይ ክብ ሠርተው ሲያሳዩዋት ግን ሁሉንም ሳትሳሳት ሠራች። ታዲያ ይህች ልጅ ቁጥር አታውቅም? በሚገባ ታውቃለች። የጎደላት አንድ ቃል ነው። መምህርቷ ባያስተውሉ ኖሮ ግን የምታገኘው ዜሮ ነበር። ዜሮው ሁለት ሦስት ጊዜ ሲደጋገም ደግሞ «ሰነፍ» የሚል ስም ይከተላል። ይህ ስም አንዴ ከተለጠፈ ለማንሳት እንደሚያስቸግር ሁላችንም ተማሪ ሆነን ያየነው ነገር ነው። ስለዚህ የቃላት ማጠናከሪያ ጨዋታ የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ተደርጎ መታየት የለበትም ባይ ነኝ።

ቃል እንዴት ይረሳል፣ እንዴትስ ይጸናል?

ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ሥራው ትርጉም የሌላቸውን ክፍለ ቃላት ራሱ እያጠና፣ ምን ያህሉን እንደሚረሳ በጊዜ ለክቷል። ያገኘው ውጤት ዛሬም ለመምህር ይጠቅማል። መርሳት የሚፈጥነው ከጥናቱ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሰዓታት ነው፤ ከዚያ በኋላ ፍጥነቱ እየቀነሰ ይሄዳል። በተጨማሪም በአንድ ቀን ከተከመረ ድግግሞሽ ይልቅ በተለያዩ ቀናት የተከፋፈለ ድግግሞሽ የተሻለ ውጤት ይሰጣል።

ሁለተኛው ነጥብ «ማስታወስ ራሱ ማጥናት ነው» የሚለው ነው። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት የኮሌጅ ተማሪዎች አጭር ምንባብ እንዲያነቡ ተደረገ። አንዱ ቡድን ምንባቡን ደግሞ አነበበ፤ ሌላው ምንባቡን ሳያይ ያስታወሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ሲፈተኑ ግን ከራሳቸው ያወጡት በለጡ። የተጠኑት ትልልቅ ሰዎች ቢሆኑም ነገሩ ለእኛም ማስጠንቀቂያ አለው። ምን መሰላችሁ? «ከእኔ በኋላ በሉ! ላጲስ!» ስንል ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ላጲስ!» ብሎ ጣሪያውን ሲያናውጠው ቃሉ የተያዘ ይመስለናል። ልጁ ግን ያደረገው ድምፃችንን መልሶ መስጠት ነው፤ ከራሱ ያወጣው ነገር የለም። አነጋገሩን ለማስተካከል በኅብረት መድገም ይጠቅማል፤ ቃሉን ለማጽናት ግን ብቻውን አይበቃም።

ሦስተኛ፣ ቃል ማወቅ ደረጃ አለው። የኒውዚላንዱ ምሁር ፖል ኔሽን እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተመው መጽሐፍ እንደሚያብራራው፣ አንድን ቃል ሰምቶ መለየትና ያንኑ ቃል በራስ አንደበት አውጥቶ መጠቀም የተለያዩ ነገሮች ናቸው። «ላጲስ አምጣ» ሲባል የሚያመጣ ልጅ ላጲስ ሲጠፋበት በጣቱ ብቻ ሊጠቁም ይችላል። ስለዚህ ጨዋታችን ከመስማት ተነስቶ ወደ መናገር መሄድ ይኖርበታል።

ጨዋታን ለመምረጥ ሦስት ጥያቄዎች

ከላይ ካየናቸው ነጥቦች በመነሳት፣ ማንኛውንም ጨዋታ ወደ ክፍል ይዘን ከመግባታችን በፊት የሚከተሉትን ሦስት ጥያቄዎች ብንጠይቅ ጥሩ ነው እላለሁ።

1ኛ. በአንድ ጊዜ ስንት ልጅ ይጫወታል?

60 ልጆች ያሉበት ክፍል እንውሰድ። ልጆች አንድ በአንድ እየወጡ ቢጫወቱና ለእያንዳንዱ 20 ሰከንድ ቢሰጠው፣ ጨዋታው 20 ደቂቃ ይፈጃል። ይህ የ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ ግማሽ ነው። እያንዳንዱ ልጅ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ተናግሮ ቀሪውን 19 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ተቀምጦ ይጠብቃል። ያው እንደምናውቀው በተግባር ደግሞ «ቲቸር እኔ! እኔ!» የሚሉት ጥቂት ልጆች ደጋግመው ይወጣሉ እንጂ ሁሉም አይደርሰውም። ይኸው ጨዋታ በአንድ ዴስክ የተቀመጡ ሦስት ልጆች እርስ በርሳቸው የሚጫወቱት ቢሆንስ? በ6 ደቂቃ ውስጥ ለእያንዳንዱ ልጅ 6 ጊዜ ተራ ይደርሰዋል። ጨዋታው ያው ነው፤ የተለወጠው አቀማመጡ ብቻ ነው።

2ኛ. ቃሉን ሳያውቁ ማሸነፍ ይቻላል?

ጥንድ ሥዕሎችን ገልብጦ ደርድሮ ተመሳሳዮቹን የማግኘት ጨዋታ ልጆች ይወዱታል። ሆኖም የካርዶቹን ቦታ የሚያስታውስ ልጅ አንድም ቃል ሳይተነፍስ ሊያሸንፍ ይችላል። ሕጉን ትንሽ እንለውጠው። ጥንዱን ያገኘ ልጅ ካርዶቹን የሚወስደው የሥዕሉን ስም ሲናገር ብቻ ይሁን፤ ካልተናገረ መልሶ ይገለብጣቸው። በዚህች አንዲት ሕግ ጨዋታው የዓይን መሆኑ ቀርቶ የቃል ይሆናል።

3ኛ. የማያውቀው ልጅ ምን ይሆናል?

ብዙ የምናውቃቸው ጨዋታዎች «የተሳሳተ ይውጣ» የሚል ሕግ አላቸው። ልብ ብለን ካየነው ይህ ሕግ የተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ የሚወጣው ቃሉን ያላወቀው፣ ማለትም ልምምዱ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ልጅ ነው። እስከ መጨረሻው የሚቆየው ደግሞ ቃሉን ድሮውንም የሚያውቀው ነው። በዚህ ላይ በጓደኞቹ ፊት መውጣት ያሳፍራል፤ የተሸማቀቀ ልጅ ደግሞ በሚቀጥለው ቀን አፉን አይከፍትም። ስለዚህ «ይውጣ» የሚለውን «ይጠይቅ» በሚል እንተካው። ያልታወሰውን ልጅ ጓደኛው ይነግረዋል፤ ያው ቃል ከሁለት ተራ በኋላ ተመልሶ ይመጣለታል።

በተግባር የሚውሉ ጨዋታዎች

ሀ. «እባካችሁ ካልኩ ብቻ»

ጄምስ አሸር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባስተዋወቀው ዘዴ ተማሪው ከመናገሩ በፊት ትእዛዝ እየሰማ በአካሉ ይመልሳል። ገና አፋቸውን ላልፈቱ ልጆች ይህ ጥሩ መግቢያ ነው፤ ዝምተኛው ልጅ ሳይናገር መሳተፍ ይችላልና። መምህሩ «እባካችሁ ተነሱ» ካለ ሁሉም ይነሳል፤ «ተነሱ» ብቻ ካለ ማንም አይነቃነቅም። «እባካችሁ በጣታችሁ አየር ላይ አክብቡ»፣ «እባካችሁ ከደብተሩ ሥር አስምሩ» እያልን ከላይ የጠቀስናቸውን የመልመጃ ቃላት ሁሉ ማስገባት ይቻላል።

እዚህ ላይ የቋንቋችንን ጠባይ ማስተዋል ያስፈልጋል። መምህር ለክፍሉ ሁሉ ሲናገር የሚጠቀመው የብዙ ቁጥርን ነው። አንዲት ልጅ «ቀንሱ» የሚለውን ለምዳ «ቀንሺ» ስትባል ሌላ ቃል ሊመስላት ይችላል። አማርኛ ለሴት ሲሆን የመጨረሻውን ድምፅ ብዙ ጊዜ ይለውጣል፦ ቀንስ — ቀንሺ፣ ገልብጥ — ገልብጪ፣ አዛምድ — አዛምጂ፣ ክፈት — ክፈቺ። አፍ መፍቻው አማርኛ የሆነ ልጅ ይህን ከእናቱ ጉያ ይማረዋል፤ ሌላው ግን የሚማረው ከእኛ ነው። ስለዚህ በጨዋታው «እባክሽ» ሲባል ሴቶች ብቻ፣ «እባክህ» ሲባል ወንዶች ብቻ፣ «እባካችሁ» ሲባል ሁሉም እንዲታዘዙ ማድረግ ነው። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ አዛዥነቱን ለልጆቹ በየዴስኩ እንልቀቅላቸው። ያን ጊዜ ቃሉን ከራሳቸው ማውጣት ይጀምራሉ።

ለ. «ምን ጎደለ?»

ይህ ጨዋታ በሌላው ዓለም «የኪም ጨዋታ» ይባላል። ስሙን ያገኘው እንግሊዛዊው ደራሲ ራድያርድ ኪፕሊንግ እ.ኤ.አ. በ1901 ካሳተመው ልብ ወለድ ሲሆን፣ ባለታሪኩ ልጅ በትሪ ላይ የተቀመጡ የከበሩ ድንጋዮችን አይቶ በማስታወስ ይለማመድ ነበር። ለእኛ የከበረ ድንጋይ አያስፈልገንም። በየዴስኩ እርሳስ፣ ላጲስ፣ መቅረጫ፣ ማስመሪያና ቆርኪ ይቀመጣሉ። ሁለቱ ልጆች ዓይናቸውን ሲጨፍኑ ሦስተኛው አንዱን ይደብቃል። «ምን ጎደለ?» ሲል ሁለቱ «መቅረጫው የለም» ብለው መመለስ አለባቸው።

እኔ ከሁሉ አስበልጬ የምወደው ይህንን ነው። ምክንያቱም ዕቃው ከፊታቸው ስለሌለ በጣት መጠቆም አይቻልም፤ ቃሉ ራሱ መውጣት አለበት። ወጪ የለውም፣ ዝግጅቱ አንድ ደቂቃ ነው፣ ጫጫታውም ትንሽ ነው።

ሐ. እንቆቅልሽ

«እንቆቅልሽ?» «ምን አውቅልሽ!» መባባል ለብዙ ልጆች እንግዳ አይደለም። ይህን ልማድ ለቃላት ማጠናከሪያ ማዋል ይቻላል። ለምሳሌ «ጥርስ የለኝም፣ የተሳሳትከውን ሁሉ እበላልሃለሁ» ቢባል መልሱ ላጲስ ነው። «በቀለሁ በቀለሁ እያለ ሳይሆን፣ አለቀሁ አለቀሁ እያለ የሚሠራ» ቢባል ጠመኔ ይሆናል። የቃሉን ትርጉም በሌላ ቃል መግለጽ ለዚህ ዕድሜ ከባድ ስለሚሆን መጀመሪያ ጠያቂው መምህሩ ይሁን። ቀጥሎ ልጆቹ «የምንቆርጥበት ነው»፣ «ሰማይ ላይ ነው» በሚሉ ቀላል ፍንጮች ይጀምሩ።

መልሱ ካልታወቀ ጠያቂው «አገር ስጠኝ» ይላል። ይህቺን ነገር አትለፏት። ልጁ የሚሰጠው አገር የአያቱ ወይም የተወለደበት ሊሆን ይችላል። አዲስ ከመጣ ልጅ የመጀመሪያዋን ሙሉ ዓረፍተ ነገር የምንሰማው እዚህ ላይ ሊሆን ይችላል፤ ስለሚያውቀው ነገር ነውና የሚናገረው።

መ. ቆርኪ ፍለጋ

አኩኩሉን ያልተጫወተ ማን አለ? ክፍል ውስጥ ግን 60 ልጅ መደበቅ ስለማይችል የሚደበቀው ቆርኪ ይሁን። «ከደብተሩ ሥር ነው?»፣ «በቦርሳው ውስጥ ነው?»፣ «ከአንቺ ኋላ ነው?» እያሉ በመጠየቅ ብቻ ይፈልጉታል፤ በእጅ መፈለግ ክልክል ነው። አማርኛ ቦታን የሚያሳየው ብዙውን ጊዜ ከስሙ በፊትና በኋላ በሚመጡ ሁለት ቃላት (ከ...ሥር፣ በ...ውስጥ) ስለሆነ፣ ይህ አሠራር ሌላ ቋንቋ ተናጋሪ ለሆነ ልጅ ሊያደናግር ይችላል። ጨዋታው ሳይታወቀው ደጋግሞ እንዲለው ያደርገዋል።

በተጨማሪ ሰኞ ማክሰኞን ከክፍል ውጪ አምስት አምስት ሆነው፣ በየሳጥኑ ሥዕል እየሣሉና የረገጡትን ሥዕል ስም እየጠሩ መጫወት ይችላሉ።

ስለ ቃላቱ አመራረጥና አመላለስ

ጨዋታው ጥሩ ሆኖ የቃላቱ አመራረጥ ሊያበላሸው ይችላል። ቲንክሃምና ዋሪንግ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያደረጓቸው ጥናቶች እንዳሳዩት፣ በትርጉም የሚቀራረቡ አዳዲስ ቃላትን አንድ ላይ መማር እርስ በርሳቸው እንዲምታቱ ያደርጋል። መጽሐፎቻችን ግን ቀለማትን ሁሉ በአንድ ገጽ፣ ግራና ቀኝን በአንድ ቀን ማቅረብ ይወዳሉ። «ቀኝ» በደንብ ሳይያዝ «ግራ»ን ባንጨምር ይሻላል። አረንጓዴን ከቅጠል፣ ቢጫን ከሙዝ ጋር በተለያየ ቀን ማስተዋወቅ ይቻላል። ቀድመው የተያዙትን በኋላ በአንድ ጨዋታ ማቀላቀል ግን ችግር የለውም፤ እንዲያውም ያስፈልጋል።

ሌላው የመጥበቅና የመላላት ጉዳይ ነው። ሰፊ (ልብስ የሚሰፋው) እና ሰፊ (ጠባብ ያልሆነው)፣ ገና (በዓሉ) እና ገና (ያልደረሰው) በጽሑፍ አንድ ናቸው። ፊደላችን መጥበቁን ስለማያሳይ እንዲህ ያሉ ቃላት በጽሑፍ ካርድ ብቻ አይለዩም። ስለዚህ ሁለት ሥዕል አቅርቦ፣ ቃሉን ጠርቶ፣ ልጆቹ በጆሯቸው ለይተው እንዲያነሱ ማድረግ ነው።

ቃላቱ ተመልሰው እንዲመጡ ደግሞ አንድ የሳሙና ካርቶን «የቃላት ሣጥን» እናድርግ። በሳምንት ከ6 እስከ 8 አዳዲስ ቃላት ሥዕላቸው ተሠርቶ ይገባሉ። አንድ ቃል በተማሩት ቀን መጨረሻ፣ በማግስቱ፣ ከሦስት ቀን በኋላና በሚቀጥለው ሳምንት ከሣጥኑ ይወጣል። ለዚህ በየቀኑ ከ5 እስከ 7 ደቂቃ ይበቃል። አርብ ዕለት አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ከመጫወት በየቀኑ 7 ደቂቃ ይበልጣል የምለው በኤቢንግሃውስ ምክንያት ነው።

«ይህ ትምህርት ነው ጨዋታ?»

ይህን ሐሳብ ለነባር መምህራን ስናነሳ የሚሰጡን መልሶች የታወቁ ናቸው፤ እውነትነትም አላቸው። አንደኛው ጫጫታ ነው። የክፍሎቻችን ግድግዳ ስስ ሲሆን የጎረቤቱ መምህር ይረበሻል። ለዚህ መፍትሔው በየዴስኩ በሹክሹክታ የሚሠሩትን እንደ «ምን ጎደለ?» ያሉትን ለክፍል፣ ጯሂዎቹን ለሜዳ ማድረግ ነው። ሁለተኛው ወላጆች ደብተር ላይ የተጻፈ ነገር ሲያጡ ቅር ይላቸዋል የሚለው ነው። ከጨዋታው በኋላ ልጁ የዕለቱን ሁለት ቃላት ሥሎ ከሥሩ ቢጽፍ ደብተሩም ባዶ አይሆንም፣ ወላጅም ቤት ውስጥ «ይህ ምንድነው?» ብሎ መጠየቂያ ያገኛል። ሦስተኛው «ዓመታዊ ዕቅዱን አልጨርስም» የሚለው ነው። እኔ ግን የመልመጃውን ትእዛዝ ለማያውቅ ልጅ ምዕራፉ አለቀ ማለት ለማን አለቀ ማለት ነው? ብዬ እጠይቃለሁ።

ያም ሆኖ ጨዋታ ሁሉን አይፈታም። ቃሉ መጀመሪያ በዕቃ፣ በሥዕል ወይም በድርጊት በግልጽ መተዋወቅ አለበት፤ ያልተዋወቀ ቃል በጨዋታ አይጠናከርም። ተረት መስማትና ማንበብም በጨዋታ አይተካም። ከዚህ ሌላ ክፍሉ ስለሳቀ ብቻ ተሳክቷል ብለን መደምደም የለብንም። በየቀኑ አምስት አምስት ልጆችን ለየብቻ ጠርቶ፣ ከሣጥኑ ሁለት ሦስት ሥዕል አሳይቶ፣ ስሙን ጠይቆ በስም ዝርዝሩ ላይ ምልክት ማድረግ ይገባል። 60 ልጆች በ12 የትምህርት ቀናት ይዳረሳሉ። ያቺ «አክብቡ»ን ያላወቀችው ልጅ ከጨዋታው በኋላ በዚህ ዓይነት ስትጠየቅ «አክብቢ»ን ወዲያው ሠራች፤ «አስምሪ»ን ግን ገና ታምታታዋለች። ይህን ማወቃችን ራሱ ትልቅ ነገር ነው፤ ነገ ከሣጥኑ የሚወጣው የትኛው ቃል እንደሆነ ይነግረናልና።

ማጠቃለያ

ለማጠቃለል ያህል፣ ጥሩ የቃላት ጨዋታ ብዙ ልጆችን በአንድ ጊዜ ያጫውታል፣ ቃሉን ሳይናገሩ ማሸነፍን አይፈቅድም፣ የማያውቀውንም ልጅ አያስወጣም። ቃላቱም ተራርቀው ደጋግመው ይመለሳሉ። ለዚህ የሚያስፈልገው ቆርኪ፣ ካርቶንና የልጆቹ የራሳቸው የጨዋታ ልማድ ነው፤ ሁሉም በእጃችን አሉ። በሚቀጥለው ፕራክቲከም የምትወጡ ጓደኞቼ «በጨዋታ ይሳተፋሉ» የሚለውን ከመጻፋችሁ በፊት ከጎኑ አንዲት ጥያቄ ጨምሩበት፦ ከኋላ ዴስክ የተቀመጠው ዝምተኛ ልጅ ዛሬ ይህን ቃል ስንት ጊዜ ከራሱ አንደበት ያወጣዋል? መልሱ «አንድም» ከሆነ ጨዋታውን ሳይሆን አጨዋወቱን ለውጡት።